ውሃ ውስጥ ትንፋሽ የሚከብደው ለምንድን ነው? የጠላቂዎች ሬጉሌተርስ እንዴት ይስተካከላል?

ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ «ጠላቂ ዋናተኞች ተጠርተው ፍለጋው ቀጥሏል» የሚል ዜና አይጠፋም። ዜናው በተሰማ ቁጥር ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ቡና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ የየራሱ ባለሙያ አለው። አንዱ «ኦክስጅን ተሸክመው እየገቡ ምን ይከብዳቸዋል?» ይላል። ሌላው «አፋቸው ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲያዞሯት አየሩ ይጨምርላቸዋል» ብሎ ያስረዳል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

እዚህ ባሕር የለንም። ቢሆንም ጅቡቲ ወይም ዱባይ ሄዶ በእረፍት ቀኑ «ስኩባ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ) ሞከርኩ» ብሎ ቪዲዮ የሚልክ ዘመድ አይጠፋም። ቪዲዮውን ከላከ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ስለ ዓሣው አይደለም። «ትንፋሹ ከበደኝ» ነው የሚለው። ለምን ከበደው? ዕቃውስ ሊስተካከልለት ይችል ነበር? መልሱ ያለው ሬጉሌተር በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ነው። ጠላቂው አፉ ላይ የሚነክሰው ዕቃና ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው ብረት አንድ ላይ ሬጉሌተር ይባላሉ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው?

አይደለም። በተለመደው የስኩባ ሲሊንደር ውስጥ ያለው እኛ አሁን የምንተነፍሰው አየር ነው። ከመቶ 21 እጁ ኦክስጅን ነው፣ የቀረው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን። በኮምፕሬሰር ተጨቁኖ ነው የሚገባው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ ወደ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል።

ንጹሕ ኦክስጅን ቢሞላበትማ ጉድ ነው። ከ6 ሜትር ጥልቀት በታች ኦክስጅን ብቻውን ሲተነፈስ ነርቭን ይመርዛል፤ ሰውን ውሃ ውስጥ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል።

ቀሰም ይዞ መግባት አይበቃም?

ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ሳያስብ አልቀረም። ረጅም ቀሰም አፍ ላይ ይዞ፣ ጫፉን ከውሃው በላይ አድርጎ ቁጭ ማለት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ደረት ግን አይችለውም።

ምክንያቱ ግፊት ነው። ከላያችን ያለው አየር ክብደት አለው፤ ባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 1 ባር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ከላይዋ ያለው አየር ያነሰ ነው። ግፊቱም 0.7 ባር አካባቢ ነው። ከጣርማ በር ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ግፊት ሲጨምር ምን እንደሚመስል በጆሮው ያውቀዋል። ጆሮ ይደፈናል፤ ምራቅ ሲዋጥ ይከፈታል። ታዲያ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚጨምረው ግፊት ሲሰላ 2 ሜትር ውሃ ውስጥ ከመግባት አይበልጥም። ውሃ ከባድ ነው። በየ10 ሜትሩ 1 ባር ይጨምራል።

ቀሰም የያዘው ሰው ደረቱ በውሃው ግፊት ተጨቁኗል። በቀሰሙ የሚመጣለት አየር ግን የላይኛውን ግፊት ብቻ የያዘ ነው። ስለዚህ አየሩን ለመሳብ ውሃውን በደረቱ ጡንቻ ገፍቶ መክፈት አለበት። ግማሽ ሜትር ላይ ቶሎ ይደክማል። 1 ሜትር ላይ ጤነኛ ጎልማሳም ባለ በሌለ ኃይሉ ታግሎ ነው።

መፍትሔው አየሩን ራሱን በውሃው ግፊት ልክ አድርጎ ማቅረብ ነው። 10 ሜትር ላይ በ2 ባር፣ 30 ሜትር ላይ በ4 ባር። ሳያንስም ሳይበዛም። ሬጉሌተር የሚባለው ዕቃ ሥራው ይኸው ነው።

እንዴት ነው ልኩን የሚያውቀው?

ሥራውን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ክፍል ሲሊንደሩ አንገት ላይ ይታሰራል። የ200 ባሩን አየር ተቀብሎ ከአካባቢው ግፊት በ9 ወይም በ10 ባር ብቻ ወደሚበልጥ ግፊት ያወርደዋል። ይህን «መካከለኛ ግፊት» እንበለው፤ ኋላ ስንመለስበት ያስፈልገናል። አየሩ ከዚያ በጎማ ቱቦ ወደ አፍ ይሄዳል።

ሁለተኛው ክፍል አፍ ላይ ያለው ነው። የሮቶ ተንሳፋፊ ኳስ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃው ሲጎድል ኳሱ ይወርዳል፣ ኳሱ የተያያዘበት ዘንግ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ውሃው ሲሞላ ይዘጋል። እዚህ በኳሱ ፈንታ ስስ የጎማ ሽፋን አለ። አንዱ ፊቱ ውሃውን፣ ሌላው ፊቱ ጠላቂው የሚተነፍስበትን ክፍል ያያል። ጠላቂው ሲስብ ውስጡ ይጎድላል፣ ውሃው ጎማውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጎማው ትንሽ ዘንግ ይጫናል፣ ዘንጓ ቫልቩን ትከፍታለች፣ አየር ይገባል። ጠላቂው መሳቡን ሲያቆም ጎማው ይመለሳል፤ ሞላው ቫልቩን ይዘጋዋል። ያስወጣው ትንፋሽ ደግሞ በሌላ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚከፈት ጎማ በኩል አረፋ ሆኖ ይወጣል።

ጎማውን የሚገፋው ውሃው ራሱ ስለሆነ ጥልቀቱን ማንም አይነግረውም። ውሃው ይነግረዋል።

ዕቃው ዛሬ የምናየውን መልክ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ናቸው የሠሩት። ጋኛን ቀድሞ የሠራው ቫልቭ ለመኪና ነበር። በጦርነቱ ቤንዚን ስለጠፋ መኪኖች በሌላ ጋዝ እንዲሄዱ የሚያግዝ ነው። ኩስቶ አዲሱን ዕቃ ማርን ወንዝ ውስጥ ሲሞክረው በአግድም ሲዋኝ ጥሩ ሠራ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ ዝም ብሎ ይፈስ ጀመር፤ ጭንቅላቱን ወደታች ሲያደርግ ደግሞ አልሳብም አለው። ጥፋቱ ትንፋሽ የሚወጣበት ቀዳዳ ከአየር መስጫው ቫልቭ ርቆ መቀመጡ ነበር። የጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ልዩነት የግፊት ልዩነት ፈጠረ። ሁለቱን አንድ ቦታ ሲያስቀምጧቸው ተስተካከለ። እነዚያ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች እስከ ዛሬ የማስተካከያው ሁሉ መነሻ ናቸው።

«ከበደኝ» ሲባል ምኑ ነው የሚከብደው?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው ሦስቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው።

አንደኛው የመክፈቻ ጉልበት ነው። ቫልቩ እስኪከፈት ድረስ መጀመሪያ ላይ የሚደረገው ስቦሽ ማለት ነው። የሚለካው በውሃ ሳንቲ ሜትር ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ከተባለ፣ ውሃን በቀጭን ቱቦ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ያህል መሳብ ይበቃል። በደንብ የተስተካከለ ሬጉሌተር ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይወድቃል።

ሁለተኛው ቫልቩ ከተከፈተ በኋላ ያለው ፍሰት ነው። በቀላሉ ተከፍቶ በቂ አየር የማይሰጥ ዕቃ አለ። ይህ ላይ ላዩን አይታወቅም። የሚታወቀው ጥልቀት ውስጥ፣ ያውም ጠላቂው ሥራ ላይ ሆኖ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ነው። 30 ሜትር ላይ አየሩ ራሱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው አራት እጥፍ ይወፍራል። የወፈረ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይታገላል።

ሦስተኛው ማስወጣቱ ነው። ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መውጫው ጎማ ትንሽ ከሆነ፣ ወይም በአሸዋና በጨው ከተጣበቀ፣ ጠላቂው በገዛ ትንፋሹ ይደክማል። የትኛውም ቁልፍ ቢዞር ይህን አያቀለውም።

በአውሮፓ ኢኤን 250 የሚባል መመዘኛ አለ። መሣሪያው 50 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በደቂቃ 62.5 ሊትር አየር እየሰጠ፣ በአንድ ሊትር ከ3 ጁል በላይ ጉልበት መጠየቅ የለበትም ይላል። መሳቡም ማስወጣቱም አብረው ነው የሚቆጠሩት።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ትንፋሽ ሲከብድ ሰው ሳያውቀው አጭር አጭር ይተነፍሳል። የተቃጠለው አየር በደንብ አይወጣም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ ይከማቻል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ደግሞ አእምሮ «አየር አነሰኝ» ብሎ ይጮኻል። ሰውየው የበለጠ ይቸኩላል፣ የበለጠ ይከብደዋል፣ ይደነግጣል። ሲሊንደሩ ግማሽ ያህል እንደሞላ ወደ ላይ የሚሮጥ ጠላቂ አንዳንዴ ታሪኩ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን ጭራሽ ቀላል አያደርጉትም?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ነገሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞላውን አላልቶ ቫልቩን ለትንሽ ትንፋሽ እንኳ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ከባድ አይደለም። ችግሩ ውሃው ሰው ሳይስብም መግፋቱ ነው።

የአፉ ክፍል በእጅ መዳፍ የሚያዝ ዕቃ ነው። ጎማው ካለበት እስከ መውጫው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት አለ። ጠላቂው አንገቱን ሲያዘነብል ወይም ፊቱን ወደታች ሲያደርግ አንዱ ከሌላው ዝቅ ይላል። ያ የከፍታ ልዩነት ብቻውን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሊሆን ይችላል። የመክፈቻ ጉልበቱ ከዚያ ካነሰ ቫልቩ ማንም ሳይስብ ይከፈታል፤ አየሩም ዝም ብሎ ይፈሳል። የማርን ወንዙ ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ «በጣም ቀላል» የተባለው ዕቃ በአረፋ የሚጫወት፣ ሲሊንደር የሚያራቁት ዕቃ ይሆናል። በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ይብሳል። አየር ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። በኅዳር ሌሊት ውርጭ የሚያውቅ የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ለማመን ብዙ አይቸገርም። ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ቫልቩ ዙሪያ በረዶ ሊሠራ፣ ክፍት እንደሆነም ሊደርቅ ይችላል። ብዙ አየር በፈሰሰ ቁጥር ብርዱ ይብሳል።

እንግዲህ ማስተካከል ማለት ሁለት ጥፋቶች መሃል ቦታ መፈለግ ነው። በአንድ በኩል የሚፈስ፣ በሌላ በኩል የሚያደክም። በእኔ አስተያየት ትንሽ ወደ መክበዱ ያዘነበለው ይሻላል፣ በተለይ ለጀማሪ። ልምድ ያለው ሰው ቅልሉን ይመርጥ ይሆናል፤ ይፈርዳል። ለጓደኛ ተብሎ የሚያዘው ተጨማሪ የአፍ ክፍል ግን ሆን ተብሎ ከበድ ተደርጎ ነው የሚስተካከለው። ማንም ሳይነክሰው በጎን እየተንጠለጠለ ስለሚሄድ ቅልል ካለ እየፈሰሰ ያልቃል።

ጠላቂው ራሱ የሚነካው የትኛውን ነው?

ዋጋቸው ከፍ ያሉት ሬጉሌተሮች ላይ ሁለት ነገር ይገኛል። አንዷ በጎን ያለች የምትዞር ቁልፍ ናት። በሰዓት አቅጣጫ ስትዞር ሞላውን ታጠብቃለች፤ መክፈቻው ይከብዳል። ወደ ኋላ ስትመለስ ይቀልላል። ቡና ቤት የተባለው «አየር መጨመሪያ» እሷ ናት፤ አየር ግን አትጨምርም። የምትለውጠው ቫልቩ የሚከፈትበትን ጉልበት ነው። ከተከፈተ በኋላ የሚመጣው አየር ያው ነው ለማለት ይቻላል። ጅረት ላይ ውሃው ጎማውን ሲመታው ትንሽ ማጥበቅ ይጠቅማል። ጥልቀት ውስጥ ትንፋሹ ሲወፍር ደግሞ ማላላት። ዕቃው ሲቀመጥ ሙሉ በሙሉ ላልታ ትቀመጥ፤ አለበለዚያ ሞላው ቫልቩን የሚደፍነውን ትንሽ ጎማ፣ ጎሚኒውን፣ ተጭኖ ያቆስለዋል።

ሁለተኛዋ ወደ ሁለት ጎን የምትገፋ ትንሽ ማንሻ ናት። ቫልቩ ሲከፈት አየሩ በፍጥነት ወደ አፍ ሲሮጥ ከኋላው ግፊት ይጎድላል፤ ይህም ጎማውን ወደ ውስጥ ይዞ ያቆየዋል። ትንፋሹ ከተጀመረ በኋላ ራሱ የሚቀጥል የሚመስለው ለዚህ ነው። ማንሻዋ ይህን እገዛ ታበዛለች ወይም ታሳንሳለች። ላይ ላዩን ሲዋኙ ማሳነስ፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ማብዛት ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ጀልባ ላይ ሬጉሌተሩ ውሃ ሲነካው «ፈነዳብኝ» ብሎ ይደነግጣል።

ከዚህ ውጪ ያለው የባለሙያ ነው። በካቻቢቴ የሚፈታ ሁሉ ይስተካከላል ማለት አይደለም።

ባለሙያው ከፍቶ ምን ያደርጋል?

ጥሩ ባለሙያ ከአፉ ክፍል አይጀምርም። መጀመሪያ የሚለካው ያንን መካከለኛ ግፊት ነው። ጌጅ ይገጥምና ቀስቱን ያያል። ጠላቂው ሲስብ ቀስቱ ትንሽ ወርዶ፣ ሲያቆም ወዲያው ተመልሶ ቀጥ ማለት አለበት። ቀስ እያለ ሽቅብ ከተጓዘ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያለው ጎሚኒ አልቋል፤ አየር እያሾለከ ነው። የአፉ ቫልቭ ደግሞ ከኋላ የሚገፋው ግፊት ሲበዛ ራሱን ከፍቶ እንዲያስተነፍስ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቱቦ ከሚፈነዳ አየር ቢፈስ ይሻላል። ይህን ሳያይ የአፉን ሞላ የሚያጠብቅ መካኒክ በሽታውን ትቶ ሳሉን እያከመ ነው። ሰውየው ከባድ ሬጉሌተር ይዞ ይሄዳል፤ መፍሰሱም ይመለሳል።

ቀላል ስሪት ያላቸው አንዳንድ የመጀመሪያ ክፍሎች ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ መካከለኛ ግፊታቸው አብሮ ይወርዳል። በእነዚህ «መጨረሻ ላይ ከበደኝ» ማለት ብልሽት አይደለም፤ የተፈጥሮ ጠባያቸው ነው። ግፊቱን እኩል አድርጎ የሚይዝ ስሪት ያላቸው ግን እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ይሰጣሉ።

መካከለኛው ግፊት ልክ ከሆነ በኋላ ወደ አፉ ክፍል ይኬዳል። ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ያረጁ ጎሚኒዎች ይለወጣሉ። ከዚያ ሁለት ልክ አለ። አንዱ አየሩ የሚወጣበት ትንሽ የብረት አፍ ወደ ጎሚኒው ምን ያህል ይጠጋ የሚለው ነው። ማሾለኩ እስኪቆም በጥቂት በጥቂቱ ይጠጋል፤ ከዚያ ጠብታ ታህል ይጨመርበታል። ሲያዞሩት ዘንጓን ተጭኖ ጎሚኒውን ማራቅ ግድ ነው፤ የብረቱ ጠርዝ ስለት ነው፣ ይቆርጠዋል። ሌላው የዘንጓ ከፍታ ነው። ከፍ ካለች ጎማው ሁልጊዜ ይጫናታል፣ አየር ይፈሳል። ዝቅ ካለች ጎማው ብዙ ተጉዞ ነው የሚያገኛት፤ ቫልቩም በደንብ አይከፈትም። ሲያወዛውዙት «ቃ ቃ» የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ዘንጓ ዝቅ ብላለች ማለት ነው።

ልኩን የሚያሳይ ስስ ጌጅ አለ። ጌጅ በሌለበት ባልዲ ውሃም ይናገራል። አየሩ ተከፍቶ፣ አፍ መንከሻው ወደ ላይ ሆኖ፣ ዕቃው ቀስ ተብሎ ይጠለቃል። «ሽ» ማለት ሲጀምር ጎማው ከውሃው ፊት ስንት ሳንቲ ሜትር ወርዷል? ያ ነው የመክፈቻ ጉልበቱ። አዲስ ጎሚኒ በግፊት ሲቆይ ትንሽ ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ አንድ ሌሊት አሳድሮ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ምሽት ላይ ጨርሶ ጠዋት ያልለካ ሰው ሥራውን አልጨረሰም። ሰርቪሱ እንደየአምራቹ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ነው።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የሬጉሌተሩ ነው?

አይደለም። የሲሊንደሩ ቫልቭ በግማሽ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ላይ ላዩን ይሠራል፣ ታች ሲወርዱ ይጎድላል። እየተነፈሱ የሲሊንደሩን ጌጅ ማየት ነው። በእያንዳንዱ ስቦሽ ቀስቱ ከተንቀጠቀጠ ቫልቩ ይታይ። ደረትን የያዘ ጠባብ የዋና ልብስም አለ። መንጋጋ የሚያደክም መንከሻ፣ አንገት የሚስብ አጭር ቱቦም «ትንፋሽ ከበደኝ» ያሰኛሉ፤ መንከሻ ደግሞ በርካሽ ይለወጣል።

ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ቀላል ሙከራ አለ። አየሩን ዘግቶ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አስተንፍሶ፣ መሳብ። ምንም መምጣት የለበትም። አየር ከመጣ ጎማው ወይም መውጫው ተቀዷል፤ ውሃ ውስጥ በዚያ በኩል የሚገባው ውሃ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ የተስተካከለ ዕቃ ባሕር ላይ ይለወጣል?

አይለወጥም ማለት ይቻላል። መካከለኛው ግፊትም የመክፈቻ ጉልበቱም የሚለኩት ከአካባቢው ግፊት ጋር ባላቸው ልዩነት ነው። አካባቢው 0.7 ባርም ይሁን 1 ባር፣ ልዩነቱ ያው ነው።

ከፍታው የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው። ጥልቀት ውስጥ የተተነፈሰ ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ ይሟሟል፤ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠላቂ ከአውሮፕላን በፊት ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው የሚመከረው። ይህ ምክር የታሰበው የአውሮፕላን ውስጥ አየር 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር መሆኑን ይዞ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ ትበልጣለች፤ ጣርማ በርማ ጭራሽ። ጅቡቲ ጠልቆ በባቡር አዲስ አበባ ገብቶ፣ በዚያው መኪና ይዞ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚመጣ ሰው አውሮፕላን ባይሳፈርም ሽቅብ ወጥቷል። ከ18 ሰዓቱም በላይ ቢቆይ ይሻለዋል፤ ከመነሳቱ በፊት የመጥለቅ አስተማሪውን ይጠይቅ። ቤት ገብቶ መገጣጠሚያው ላይ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ያልተለመደ ድካም ከተሰማው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ሄዶ መጀመሪያ መናገር ያለበት መቼ እንደጠለቀና ምን ያህል ጥልቀት እንደገባ ነው።